የምስክር መስመር

ማዘጋጃ ቤቱ የወሽመጣችንን፣ የሚናሴን፣ ሁለት ሦስተኛ በድንጋይና በአፈር ከደፈነ ከሠላሳ አራት ዓመት በኋላ፣ የቀረችውን ሲሶ የምናወድስበት አርባ ሜትር ነጭ ጨርቅ ላከልን። የሚጻፍበት ርእስ አስቀድሞ ተወስኗል፤ «ሕያው ወሽመጣችን»። እያንዳንዱ ቤት ከባሕሩ ያወጣውን አንድ ፍጡር ቀለም ቀብቶ ያትምበታል፤ ከዚያ በሐምሌ መጨረሻ፣ በበዓሉ ቀን፣ ጨርቁ በባሕር ግንቡ ላይ ይሰቀላል። ግንቡ ያው ወሽመጡን የደፈኑበት ግንብ ነው። በሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ብቻ ለጋዜጣ ሦስት ገጽ እጽፍ ነበር። ዘንድሮ አልጻፍኩም።

ታላቅ ወንድሜ ጊሳኩ በመጋቢት ሞተ። ጀልባው ላይ እንዳለ ልቡ ቆመ፤ ሞተሩ ግን አልቆመም። ጀልባዋ ነዳጇን እስክትጨርስ ክብ እየሠራች ዞረች፤ እኔም ግንቡ ላይ ቆሜ አየኋት። መጀመሪያ የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አላለቀስኩም፤ አልተቆጣሁምም። ሰው «አይዞሽ» ሲለኝ «እሺ» እላለሁ። ጠዋት፣ ለሟች እንደሚደረገው፣ ፎቶው ፊት የገብስ ሻይ አስቀምጣለሁ፤ ማታ ሳነሣው እንደ ነበረ ነው። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

በእኛ መንደር ዓሣ ማተም ጨዋታ አይደለም። ዓሣው በጨውና በኮምጣጤ ታጥቦ ልሐጩ ይለቅቃል፤ ጥቁር ቀለም በስሱ ይቀባል፤ ስስ ወረቀት ይለብስና በመዳፍ ቀስ ተብሎ ይታሻል። ወረቀቱ ሲላጥ ዓሣው በልኩ፣ ከነቅርፊቱ ይቀራል። ዐይኑ ብቻ ስለማይታተም በብሩሽ ይሳላል። ከጎኑ አራት ነገር ይጻፋል፤ ቀኑ፣ ቦታው፣ የያዘው ሰው ስምና ያየው ሰው ስም። አራተኛው ከሌለ ሦስቱ ወሬ ናቸው። ዘጠና ዓመት ያለፋቸው እማማ ሃትሱኖ «ምስክር የሌለው ዓሣ የድመት ነው» ይላሉ። የወንድሜ ምስክር እኔ ነበርኩ፤ ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ።

ጨርቁ የተዘረጋው ሠላሳ ዓመት ሳይንስ ባስተማርኩበት፣ ተማሪ አጥቶ በተዘጋው ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነበር። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ስገባ እማማ ሃትሱኖ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ይጮኻሉ።

«ይሄ የኔ ዓሣ አይደለም! ዐይኑ በግራ የሆነ ጠፍጣፋ ዓሣ አምጥቼ እንደ ርካሹ ዐይኑን በቀኝ አደረጋችሁት! የድግሱን ዓሣ የሾርባ አደረጋችሁብኝ!»

«እማማ፣ ሲታተም እኮ ይገለበጣል፤ እንደ መስተዋት ነው» አለ ኒሺዋኪ። የማዘጋጃ ቤቱ የባህል ክፍል ሠራተኛ ነው፤ አርባ ሁለት ዓመቱ፤ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ያስተማርኩት ልጅ። በዚያ ሙቀት ከረባቱን አላወለቀም።

«መስተዋት ታዲያ ውድ ዓሣ ያረክሳል? እኔ መስተዋት ሳይ አሁንም ቆንጆ ነኝ።»

«ግራና ቀኝዎን ቀያይሮ ነዋ!» አለ ከወዲያ በኩል ኦውራ፤ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ሊቀ መንበር፣ የወንድሜ እኩያ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ከንፈሬን አነቃነቅሁ።

ጨርቁ መሃል ላይ ሁለት ክንድ የሚያህል ባዶ ቦታ ተትቷል። ለራስ ቁር ሸርጣን ነው። ራስ ቁር ሸርጣን የመጥበሻ ክዳን የሚያክል፣ እንደ ወታደር ቆብ የጎበጠ፣ ጅራቱ እንደ ወስፌ የሾለ ፍጡር ነው። በልጅነታችን መረብ ስለሚቀድ ሁሉም ይረግመው ነበር። ወሽመጡ ከተደፈነ ወዲህ ግን አየሁት ያለ የለም። ከጠፋ በኋላ ማዘጋጃ ቤቱ አርማው አደረገው፤ አውቶቡስ ላይ ፈገግ ብሎ ይሄዳል፣ የቱቦ ክዳን ላይ እየረገጥነው እናልፋለን። ጎረቤቱን ገድሎ ፎቶውን ሳሎኑ ውስጥ የሚሰቅል ሰው ከዚህ የተለየ ምን ያደርጋል?

ኒሺዋኪ አንድ ሣጥን ከፈተልኝ። በጥጥ ተጠቅልሎ የደረቀ ቅርፊት ተኝቷል፤ ከሌላ አውራጃ ሙዚየም የተዋሱት ነው።

«መምህርት፣ ይህን እናትመዋለን። ቦታ የሚለው ላይ ‹የሚናሴ ወሽመጥ› ተብሎ ይጻፋል። ግን ሽማግሌዎቹ ያለ ምስክር አይሰቀልም አሉ። እርስዎ ከፈረሙ ማንም ቃል አይተነፍስም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንደሚቆጡ አውቃለሁ። ይቆጡኝ፤ ልስማዎት።»

እንድቆጣ ጠበቀኝ። እኔም ጠበቅሁ። ምንም አልመጣም።

«እሺ» አልኩ። «ብሩሽና ቀለሜ ወንድሜ ቤት ነው። ሐሙስ አመጣለሁ።»

ኦውራ ቀለም የነካ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ መጣ።

«እሺ? እሺ ነው ያልሽው? የኔን ዓሣ ጊዜ እሺ ብለሽ ነበር?»

«ጋሼ ኦውራ፣ አርባ ዓመት ሆነው።»

«አርባ ዓመት ሙሉ ‹ባለ ሁለት ጅራቱ› እየተባልኩ ነው! ያኔ እሳት የላስሽ ነበርሽ።»

እውነቱን ነው። ያኔ ኦውራ አንድ ትልቅ ዓሣ ይዞ ሲያትም፣ ራሱን ካሸ በኋላ ወረቀቱን አራት ጣት ወደ ኋላ ስቦ ጅራቱን አሸ። ዓሣው በአራት ጣት አደገ። እኔ በበዓሉ መሃል ተነሥቼ «ይህ ዓሣ ሁለት ጊዜ ጅራት አብቅሏል፤ አልፈርምም» አልኩ። ለአራት ጣት ውሸት ያን ያህል የጮኽኩት ሴት ለአንድ ሙሉ ሸርጣን እሺ አልኩ፤ ምክንያቱ ደግሞ መልካምነት አልነበረም። እምቢ ለማለት የሚያስፈልገው ነገር ውስጤ ስላልነበረ ነው።

ነገሩ የጌጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግድ አልነበረም። ነገር ግን ማዘጋጃ ቤቱ የመጨረሻዋን የጭቃ ሜዳ፣ የአካሴ ጅረት ወደ ባሕር የሚገባባትን አፍ፣ ደፍኖ የባሕር መመልከቻ አደባባይ ሊሠራባት ነው፤ ጨርቁ መሸፈኛው ነው። ባሕሩን ደፍኖ ባሕር መመልከቻ! በእቅዳቸው ካርታ ላይ ቦታዋ «ሕይወት አልባ ጭቃ» ተብላ ተጽፋለች። ምክር ቤቱ በመከር ወር ይወስናል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ካርታውንም አንብቤዋለሁ። አንብቤ አጥፌ አስቀመጥኩት።

ማታውን ወንድሜ ቤት ሄጄ ሣጥኑን ከፈትኩ። ብሩሾቹ ከላይ ነበሩ፤ ከሥራቸው የስልሳ ዓመት ወረቀት። ቀይ ዓሣ፣ እባብ መሰል ዓሣ፣ ኦክቶፐስ። በየአንዳንዱ ጥግ የኔ ስም አለ፤ መጀመሪያ የልጅ ጭረት፣ ቀጥሎ የተማሪ፣ ቀጥሎ የመምህርት ጽሕፈት። ከሁሉም በታች አንድ የማላውቀው ወረቀት አገኘሁ።

ሁለት ራስ ቁር ሸርጣኖች ነበሩ፤ ትልቋ ፊት፣ ትንሹ ከኋላዋ ተጣብቆ፤ እንቁላል ሊጥሉ ሲወጡ እንደሚሆኑት። የታተሙት በጥቁር ቀለም አልነበረም፤ በራሳቸው ጭቃ ነው። ከጎኑ በወንድሜ እጅ እንዲህ ተጽፏል፤ ቀን፣ ሐምሌ አሥራ ሦስት፤ ዓመቱ የካቻምናው ነው። ቦታ፣ የአካሴ አፍ። የያዘው፣ ጊሳኩ ካንባራ፤ አትሞ ለቅቋቸዋል። ያየው።

ከ«ያየው» በኋላ ምንም የለም።

ወረቀቱን ወለሉ ላይ ዘርግቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሁለት ክረምት አብረን እራት በልተናል። ቴሌቪዥን አብረን አይተናል። ለዚህች ሜዳ ስል ከግማሽ መንደር ጋር ሆድና ጀርባ መሆኔን ያውቃል። አልነገረኝም።

በማግሥቱ ኦውራን መርከብ ማቆሚያው ላይ መረብ ሲጠግን አገኘሁትና ወረቀቱን አሳየሁት። አየው፤ አልደነገጠም።

«ታውቅ ነበር» አልኩ።

«ሰክሮ ነግሮኛል።»

«ለኔ ለምን አልነገረኝም?»

ኦውራ ክሩን በጥርሱ በጠሰ። «እውነቱን ልንገርሽ? ‹ለኦሪኤ ከነገርኳት ባሕሩ ሳይጎድል ጋዜጠኛ ይደርሳል› አለኝ። ‹ካሜራው፣ ተመራማሪው፣ የተማሪ መዓቱ፣ ፊት ፊት ደግሞ እህቴ በድምፅ ማጉያ። ሸርጣኖቹ ይህን ሁሉ ከሚያዩ ቢደፈኑ ይሻላቸዋል› አለ።»

«ቢደፈኑ አለ?»

«ሰክሯል አልኩሽ እኮ።»

ጥሩ አድርጎ ያውቀኝ ነበር። የተናገረው ሁሉ ልክ ነው፤ አደርገው ነበር። ግን ዝምታም ሜዳ አይጠብቅም። የኛ መንደር ሰው የሚወደውን ነገር በዝምታ ይደብቃል፤ ቡልዶዘሩ ሲመጣ «ምንም ነገር የለም» የሚለውን ካርታ የሚያስተባብል ሰው ይጠፋል። ወንድሜ ሸርጣኖቹን ከኔ ጠበቃቸው፤ ከማዘጋጃ ቤቱ ግን የጠበቃቸው አልነበረም።

«በይ ፈርሚና ለኒሺዋኪ ስጪው» አለ ኦውራ። «ቦታው ተጽፏል፣ ቀኑ ተጽፏል። ይሄ ወረቀት ምክር ቤት ቢገባ ያቺን ጭቃ ማን ይነካታል? ጊሳኩ በሕይወቱ ዋሽቶ አያውቅም።»

«አላየሁም።»

«ምን?»

«እኔ አላየሁም ጋሼ። ያየ የሚለው ላይ ነው የምፈርመው።»

ኦውራ መረቡን ጣለ። «ቆይ ቆይ። የሙዚየሙን ደረቅ ቅርፊት ከዚህ ባሕር ሲወጣ አይቻለሁ ብለሽ ልትፈርሚ ነው፤ የገዛ ወንድምሽን ግን አላየሁም ትያለሽ? ምን ዓይነት ሴት ነሽ?»

ከመጋቢት ወዲህ ያደረግሁትን ሁሉ ሰው ሰብስቦ ፊቴ ያስቀመጠልኝ ያኔ ነው። ያፈርኩ አይመስለኝም። ስሌት ሲሳሳት እንደሚታወቀው ዓይነት ታወቀኝ፤ የሆነ ቦታ ላይ ቁጥሩ አይገጥምም።

የወንድሜን የጎማ ቡትስ ጋዜጣ ጠቅጥቄበት አጠለቅሁና ወደ አካሴ አፍ ወረድኩ። ባሕሩ የሚጎድለው ረፋድ ላይ ነበር። እንቁላል የጣሉ ከሆነ ልጆቹ መኖር አለባቸው፤ እንቁላሉ ክረምቱን አሸዋ ውስጥ ያድራል፣ በሚቀጥለው በጋ ይወጣል፣ ከዚያ ጭቃው ላይ ዓመታት ይኖራል። የዛሬ ሁለት ዓመት የተጣለ ዛሬ የአውራ ጣት ጥፍር ያክላል። ሲሄድ ሁለት ጠባብ መስመር ይተዋል፤ በመሃላቸው ጅራቱ የሳበው ጭረት አለ። ይህን ለልጆች ሠሌዳ ላይ ስዬላቸዋለሁ። በዐይኔ ግን አይቼው አላውቅም።

ማክሰኞ ምንም አላገኘሁም፤ ቀንድ አውጣዎች የሳሉት መስመር ብቻ። ረቡዕም እንዲሁ። ጭቃው እስከ ጉልበቴ ያስገባኛል፤ እየጎተትኩ እወጣለሁ። ጨው የጠጣ ፕሪም የገባበት የሩዝ ድብልብል ይዤ ነበር፤ በላሁት። ጨው ጨው እንደሚል አውቃለሁ፤ ስለዚህ ጨው ጨው አለ ብዬ ዋጥኩት።

ሐሙስ ረፋድ፣ ከጅረቱ አፍ መቶ እርምጃ ያህል ወደ ባሕሩ፣ መስመሩን አገኘሁት። ከጣቴ አይሰፋም። ሁለት ጠርዝ፣ መሃሉ ላይ ጭረት። ወደ ግራ ዞሮ፣ ተጠማዝዞ፣ በራሱ ላይ አልፎ፣ ምን እንደሚፈልግ እንዳላወቀ ሰው ይሄዳል። በእጄና በጉልበቴ ተከተልኩት። መጨረሻው ላይ ጭቃው እንደ ብጉር አበጥ ብሏል። በጥፍሬ ገለጥ አደረግሁት።

ትንሽ ራስ ቁር። ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ሻይ የመሰለ። መዳፌ ላይ ገለበጥኩት፤ እግሮቹን በአየር ላይ አንቀሳቀሰ፣ ጅራቱን ተክሎ ራሱን ሊያቀና ታገለ። ቀና።

መለካት ያለብኝን ለካሁ። ከጥፍሬ ትንሽ ይሰፋል። መዳፌን ይኮረኩረኝ ነበር፤ ሌላ ነገር ይሰማኝ እንደሆነ ትንሽ ጠበቅሁ፤ ከዚያ ወደ ነበረበት መለስኩትና ጭቃውን አለበስኩት።

ሕያው ፍጡር ላይ ቀለም አልቀባም። ግን አንገቴ ላይ ነጭ የጥጥ ፎጣ ነበረኝ። በመስመሩ ላይ ዘረጋሁት፤ እንደ ዓሣ ወረቀት በመዳፌ ቀስ ብዬ ሳላንሸራትተው አንድ ጊዜ ብቻ አሸሁት፤ ላጥኩት። የአንድ ስንዝር ያህል የጭቃ መስመር ወጣ።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ኒሺዋኪ ቅርፊቱን ከነጥጡ አዘጋጅቶ ይጠብቀኛል። እኔ ተንበርክኬ ፎጣውን በባዶው ቦታ ላይ በዓሣ ክር መስፋት ጀመርኩ።

«መምህርት… ይሄ ምንድነው?»

«ራስ ቁር ሸርጣን።»

እማማ ሃትሱኖ አፍንጫቸው ፎጣውን እስኪነካ ጎነበሱ። «ይሄማ ትል ነው።»

«መንገዱ ነው እማማ። የሄደበት።»

«እግሩን ታጥቦ ቢሄድ ምን ነበረበት!»

ሰፍቼ ስጨርስ ብሩሹን አነሣሁና ጻፍኩ። ቀን፣ ዛሬ። ቦታ፣ የአካሴ አፍ። የያዘው፣ የለም። ያየው፣ ኦሪኤ ካንባራ።

ኒሺዋኪ «የአካሴ አፍ» የሚለውን ሲያነብ ፊቱ ተለወጠ። አጠገቤ ተንበረከከ።

«መምህርት፣ ስሙኝ። ሸርጣኑ መኖሩ ደስ ይላል፤ በእውነት ደስ ይላል። ቦታውን ግን ‹የሚናሴ ወሽመጥ› ብቻ ይበሉት። ቅዳሜ በበዓሉ ከንቲባው ከነእንግዶቻቸው ፊት ለፊቱ ነው የሚቆሙት። ያቺ ቦታ በካርታው…»

«ሕይወት አልባ ጭቃ ናት። አንብቤዋለሁ።»

«የፈረምኩት እኮ እኔ ነኝ ካርታውን!»

አየሁት። ላብ ከከረባቱ ሥር ይወርድ ነበር።

«የስድስተኛ ክፍል የነፍሳት ስብስብህን ታስታውሳለህ?» አልኩት።

ያስታውሳል። አርባ ቢራቢሮ ሰክቶ ቢያመጣም ዜሮ ሰጥቼዋለሁ፤ እናቱ ቤቴ ድረስ መጥታ ሰድባኛለች።

«ቦታና ቀን የሌለው ናሙና…» አለ ቀስ ብሎ።

«ጨርስ።»

«…ቆሻሻ ነው።» ተነሣ። ትንሽ ወዲያ ወዲህ አለ። «እሺ፤ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው ያየው። አለቆቼ አንዲት አሮጊት… ይቅርታ… አንድ ምስክር ብቻ ነው ይላሉ።»

«እኔም እፈርማለሁ!» አለ ኦውራ። ብሩሹን ከእጄ ሊነጥቅ ደረሰ። «ካላየሁ ዐይኔን ግንባር ያድርገው!»

«አላየህም ጋሼ።»

«አምንሻለሁ አይበቃም?»

«አይበቃም። ጅራት ስትስብም አምነንህ ነበር።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኦውራ ቀላ፤ ከዚያ እሱም ሳቀ። ሲበርድ እማማ ሃትሱኖ ዱላቸውን ወለሉ ላይ መቱ።

«ነገ ባሕሩ ስንት ሰዓት ይጎድላል?»

«እማማ፣ እርስዎ ጭቃ ውስጥ…»

«ዝም በል አንተ ከረባት። ስንት ሰዓት?»

ዓርብ ረፋድ ከኔ ሌላ አሥራ አንድ ሰው ወደ አካሴ አፍ ወረደ። እማማ ሃትሱኖን ኦውራ በጭቃ መንሸራተቻ ሳንቃ ላይ አስቀምጦ ገፋቸው፤ እንደ ንግሥት ዣንጥላ ዘርግተው «ቀስ በል፣ ዓሣ አይደለሁም» እያሉ ይሰድቡታል። ኒሺዋኪ መጨረሻ ላይ መጣ፤ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ። መስመሩንና መጨረሻው ላይ የተቀበረውን ትንሽ ሸርጣን ፈልጌ እስካገኝ አንድ ሰዓት ፈጀ። ከዚያ አንድ በአንድ መጡ። የኔ ሥራ በቀርከሃ መጠቆም ነበር፤ ጠቆምኩ። እያንዳንዱ ተንበረከከ፣ አየ፣ ተነሣ። እማማ ሃትሱኖ ብቻ «አንተ ርጉም፣ የአባቴን መረብ የቀደደው ዘርህ ነው» ብለው ብዙ ቆዩ፤ ዐይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። እኔ ጥንድ እግሮቹን ስቆጥር ነበር።

ጨርቁ ቅዳሜ ተሰቀለ። ምክር ቤቱ በመከር ምን እንደሚወስን አላውቅም፤ የሚያውቅ መስሎ የሚጽፍ ሰው አትመኑ። የማውቀው ይህን ነው፤ በአርባ ሜትሩ መካከል አንድ የቆሸሸ ፎጣ አለ፣ ከሥሩ «የአካሴ አፍ» ተጽፏል፣ ከዚያ አሥራ ሁለት ስም። የመጨረሻው የኒሺዋኪ ነው፤ ቀለሙ ትንሽ ፈሷል። ከንቲባው ፊት ለፊቱ ቆመው አነበቡ፤ አንብበው ወደ ኒሺዋኪ ዞሩ። ኒሺዋኪ ጫማውን ያይ ነበር።

ንግግሩን ሳልሰማ ቤት ገባሁ። የወንድሜን ወረቀት ፎቶው ፊት ዘረጋሁ። ብሩሹን ቀለም አስነክሬ ከ«ያየው» አጠገብ አስጠጋሁት። ልጃቸውን አይቻለሁ። በዚያች ቀን እዚያ እንደነበሩ አሁን ከማንም በላይ እኔ አውቃለሁ።

ቀለሙ ጫፉ ላይ ሊንጠባጠብ ሲል ብሩሹን አነሣሁ።

«አላየሁም፣ ወንድም ጋሼ» አልኩት። «ብትጠራኝ መጥቼ አይ ነበር።»

ብሩሹን አጠብኩ። ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር፤ አነሣሁና ጠጣሁት። ገብስ ገብስ ይላል፤ ትንሽ አርሯል።